ጋሽ ሀያቱ ያላወረደው ድንጋይ

ጋሽ ሀያቱን ከሩቅ የምለየው በአንገቱ ነበር። ወፍራም፣ አጭር፣ ከትከሻው ጋር አንድ ላይ የተሠራ የሚመስል አንገት። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶ ውስጥ ኩሊ ሆኖ ብዙ ዓመት ጆንያ ተሸክሟል። አገሩ የሚመጣው ለዓረፋ ብቻ ነበር ይባላል። በኋላ ባጠራቀማት ገንዘብ ቡታጅራ ከገበያው ጀርባ ቦታ ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ እትዬ ዘይባን አገባ፣ ጓሮው በሙሉ እንሰት ሆነ። እኔ ባወቅሁት ጊዜ ዓርብ ዓርብ በርበሬ ተራ ተቀምጦ በትልቅ መርፌ የጆንያ አፍ የሚሰፋ ሰው ነበር። የበርበሬው ብናኝ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ሲያስል ከሦስተኛው ቤት ይሰማል። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ጎረምሳ ሁሉ ግን ጋሼ ይለዋል። እኔ መጀመሪያ «አንቱ» ስለው ተቆጣኝ።

«አንቱ የሚባለው ሹም ነው። እኔ መቼ በደልኩሽ?» አለኝ።

አባቴ ሽባባው የመንዝ ሰው ነው። በውትድርና አገር ለአገር ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ቡታጅራ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ሆነ። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና አባቴ በጋሽ ሀያቱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ቤት ነው የምውለው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሰዎች ባንድ በር ይወጣሉ፤ ሲወጡም ሳይነካኩ አይለያዩም።

«አያ ሽባባው፣ ዛሬም መንግሥትን ልትጠብቅ ነው?»

«ምን ላድርግ። አንተ የጆንያ አፍ ትሰፋለህ፣ እኔ የመንግሥት በር እዘጋለሁ።»

«የኔ ይሻላል ወላሂ። ጆንያ አንዴ ከተሰፋ ዝም ይላል።»

እንዲህ እየተባባሉ ይሄዱ ነበር። ያ ሳቅ የቀረበትን ቀን ደኅና አድርጌ አስታውሰዋለሁ።

ዓመተ ምሕረቱ ስልሳ ስድስት ነው። ዓረፋ ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ የታረደው በግ ደም ከደጃፉ አፈር ላይ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ሁለት ሰዎች ገመድና ጣሳ ይዘው መጡ። አንዱ ገመዱን ከመንገዱ ጫፍ ይዞ እስከ እንሰቱ መሐል ድረስ ጎተተ። ሌላው ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከረና በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ አሥራ አራት ቁጥርን ጻፈ። ቀይ ነው ቀለሙ። ከ«4»ቱ እግር ላይ ሲንጠባጠብ እስከ መሬት ወረደ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡን ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

እትዬ ዘይባ አመድና ውኃ ይዛ መጥታ ፈገፈገችው። ቀለሙ ግን ሊለቅ ነው? ይባስ ብሎ ተሰራጨ፤ ነጩ ግድግዳ በግ የታረደበት መሰለ። እጆቿን አየች፤ እስከ ክርኗ ቀይ ነበሩ።

«ምነው ባልነካሁት» አለች።

ወሬውን ያመጣው አባቴ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ከመንገዱ የሚተርፈው ቦታም ለአንድ ትልቅ ሰው ነዳጅ ማደያና ሆቴል እንዲሠራበት ተሰጥቷል፣ በረድፉ ያሉት ቤቶች ሁሉ ይፈርሳሉ አለ። ይህን ሲነግራቸው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ጋሽ ሀያቱ ለቤቱ ያን ያህል አልደነገጠም። «ቤት በክረምት ፈርሶ በበጋ ይሠራል። እንሰትን ግን ነቅለህ ሌላ ቦታ ብትተክል እስኪደርስ ድረስ ምን ትበላለህ?» ነው ያለው። እውነቱን ነው። እንሰት ዘርተው በዓመቱ የሚያጭዱት እህል አይደለም፤ ተክለው፣ አንስተው፣ መልሰው ተክለው ዓመታት የሚጠብቁት ነው። እትዬ ዘይባ የያንዳንዱን ዕድሜ እንደ ልጅ ዕድሜ ታውቀዋለች። ያቺ ጓሮ ከሄደች ባልና ሚስቱ በእርጅናቸው እጃቸውን ለሰው ሊዘረጉ ነው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረም።

የረድፉ ሰዎች ተሰብስበው ማመልከቻ አስጻፉ። ለከተማው ምክር ቤት የሚል ነው። ምክር ቤቱ ሐሙስ ሐሙስ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ የሕዝብ ጥያቄ የሚቀርበውም በዚያ ቀን ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው ጸሐፊው ነው፤ አቶ አስረስ ይባላል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። እሱም እንደኛ ከሰሜን የመጣ ነው፣ የደብረ ሲና ልጅ።

ወረቀቱን አገላበጠና «ይህ በጅምላ ነው። በጅምላ ማመልከት አድማ ይባላል። አንድ በአንድ አመልክቱ» አላቸው።

አንድ በአንድ አስጻፉ። በሳምንቱ ይዘው ሄዱ።

«ይኼ ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ አይደለም? ምክር ቤቱን ለምን ታደክማላችሁ? በአንድ ላይ አመልክቱ።»

ጋሽ ሀያቱ ያን ቀን ማታ ለአባቴ ሲነግረው እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ሳል ሆነበት። «አያ ሽባባው፣ ያንተ መንግሥት ጆንያውን ከላይ ስሰፋ ከታች ይቀደዋል።»

አባቴ አልሳቀም። «ተው ሀያቱ። ዝም ብለህ ወዲያ ወዲህ አትበል። ሰውየው ፈገግ ሲል አልወደውም» አለው።

ከዚያ ነው ስሕተቱ የመጣው፣ ስሕተት ከተባለ። ሰዎቹ ሲቸግራቸው ለአውራጃው አቤት አሉ። አውራጃውም ጽሑፉን ሳይነካው እዚያው ለከሰሱት ምክር ቤት «ተመልክታችሁ አስፈላጊውን አድርጉ» ብሎ መለሰው። አቶ አስረስ ጠራቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ከሳችሁናል ለካ። ምክር ቤቱ በጣም ተቀይሟል። ከእንግዲህ ምን ብዬ ጉዳያችሁን አቀርባለሁ?»

ይህች ቃል ናት ሁሉን ያመጣችው። ተቀይሟል! ሽማግሌዎቹ ሌላውን ሁሉ ረስተው ይቺን ብቻ ይዘው ተመለሱ። በዚያ አገር ሰው ከተቀየመ መጀመሪያ እርቅ ነው፤ ነገር የሚነሳው ከእርቅ በኋላ ነው። የረድፉ አዛውንት ሀጂ ሙስተፋ ጋሽ ሀያቱ ቤት ሰው ሰብስበው «አስቀይመናል። የተቀየመ ሹም ፊት በወረቀት አይኬድም። እንደ አባቶቻችን ድንጋይ በአንገታችን አድርገን እንሂድ» አሉ።

ይህን ልማድ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። የበደለ ሰው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ሰው ደጅ ሄዶ ይንበረከካል። ተበዳዩ ወጥቶ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። አውርድ ከተባለ ግን ቂሙም ከድንጋዩ ጋር ወረደ ማለት ነው። አባቴም በአገሩ ያውቀው ነበር፤ እነሱም ያውቁታል።

እትዬ ዘይባ ከጓዳ ወጣች። «ቆይ፣ ምን አጥፍታችሁ ነው ድንጋይ የምትሸከሙት? ቤቴን የሚያፈርሱት እነሱ፣ ይቅርታ የምትለምኑት እናንተ?»

«ዘይባ፣ ሹም ፊት ጥፋት ባይኖርም ጥፋተኛ መስሎ መቅረብ ነው። ቁጣው ይበርዳል» አሉ ሀጂ።

«ይሄ ሰውዬ አዲስ አበባ ሄዶ የተማረው መሸከም ብቻ ነው!» አለች ባሏን እያየች። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ሀያቱም ሳቀ።

ያን ሰሞን ግን ቀኑ ጥሩ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ተማሪው መኪና በድንጋይ ሰበረ፣ ታክሲ ቆመ፣ ወታደሩ አመፀ የሚል ወሬ ከአውቶቡስ በወረደው ሰው ሁሉ አፍ ነበር። እኛ ከተማ እንኳ ፖሊሶቹ ጥይት እንደ ታደላቸው ይወራል። አባቴ አንድ ቀን ቤት ገብቶ «ዛሬ አቶ አስረስ የቢሮውን መስኮት በሽቦ አስለበጠው» አለኝ። ለምን አባባ ብለው፣ «ድንጋይ ፈርቶ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ስለ ሽማግሌዎቹ ምክር አልሰማም ነበር። እኔ ሰምቼ ነበር፤ ግን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰብ አልመጣልኝም። እንዴት ይምጣልኝ? አንዱ የጠብ ድንጋይ ነው፣ አንዱ የእርቅ።

ሐሙስ ጠዋት ከወንዙ ዳር ጥቁር ጥቁር ድንጋይ መረጡ። ሀጂ ሙስተፋ ለራሳቸው ትንሿን ያዙና ትልቁን በከዘራቸው አመለከቱ።

«ሀያቱ፣ ያንተ አንገት የኩሊ ነው። ይኼን አንተ ያዘው።»

«ሀጂ፣ ለጀነትም እንዲህ ከባዱን ለኔ ይተዉልኛል?»

ተሸክሞት ሲነሳ ወገቡ እንኳ አልተጣመመም። ኮርቶ ነበር ብል አላፍርም። እኔ የአባቴን ምሳ ይዤ ከኋላቸው ሄድኩ፤ ምሳው ሰበብ ነው፣ ማየት ፈልጌ ነው። በመንገዱ ላይ ሰው ሲያያቸው ቆሞ ያሳልፋቸዋል። አንዲት በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አላህ ይርዳችሁ» አለች። ከዚያ በቀር የሰው ድምፅ አልሰማሁም፤ እግራቸውና የጋሽ ሀያቱ ሳል ብቻ።

አባቴ በሩ ላይ ሲያያቸው ቆቡን አወለቀ።

«ሀያቱ፣ ምንድነው ይኼ?»

«እርቅ ነው።»

«በዚህ ሰሞን? በማርያም ሀያቱ፣ ተመለሱ። ዛሬ አይሆንም።»

«ከተሸከሙ በኋላ መመለስ አለ እንዴ፣ አያ ሽባባው? አንተ አታውቀውም?»

ያውቀዋል። ድንጋይ በተሸከመ ሰው ላይ በር አይዘጋም። አባቴ ግራ ቀኝ አየና ከፈተ። ሽማግሌዎቹ ገብተው በጠጠሩ ላይ ከአዳራሹ ደረጃ ፊት ተንበረከኩ። እኔ አጥሩ ጋ ቆምኩ።

በሽቦው ውስጥ የአቶ አስረስ ፊት ታየኝ። ወዲያው ጠፋ። የስልኩ እጀታ ሲዞር ሰማሁ፤ ከዚያ ያ ከፍ ብሎ የማያውቅ ድምፅ ከፍ አለ። «ሃሎ! ሃሎ! ድንጋይ ይዘው ግቢ ገብተዋል! አዎ፣ ድንጋይ! እያንዳንዳቸው!»

አባቴ ሮጦ ገባ። እዚያ ውስጥ የተባባሉትን ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው የነገረኝ።

«ጌታዬ፣ ሰዎቹ ለእርቅ ነው የመጡት። አንድ ቃል አውርዱ ቢሏቸው ይሄዳሉ።»

«በሩን የከፈትክላቸው አንተ ነህ?»

አቶ አስረስ መልሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ስማ ሽባባው። አያቴ ደጅ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሳይ ነው ያደግሁት። አውርድ ካልኩ ተቀበልኳቸው ማለት ነው።»

«እርቁን እኮ ነው ጌታዬ፣ ጉዳዩን አይደለም።»

«ለነሱ ምን ልዩነት አለው?» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ አላወቀም አይባልም። አውቆ ነው። አዳራሹ ውስጥ የምክር ቤቱ ሰዎች ጠረጴዛቸውን ከበው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም አልወጡም። አንድ እጅ ብቻ መጣና መጋረጃውን ሳበው።

ፀሐዩ ከረረ። የፖሊሶቹ መኪና አቧራ እያስነሳች ደርሳ ቆመች፤ ጠብመንጃ የያዙ ዘለው ወረዱ። አንድ ሃምሳ አለቃ ከሩቅ ቆሞ «ድንጋይህን ጣል! ሁልህም ጣል!» ብሎ ጮኸ።

ጣሉ። አንዱ ድንጋይ ሌላውን ሲመታ ዱብ ዱብ ሲል ይሰማኛል እስከ ዛሬ። ሀጂ ሙስተፋ የሳቸውን እያለቀሱ አስቀመጡት። ጋሽ ሀያቱ ግን አልጣለም። ትልቁ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ፣ ሁለት እጁ ድንጋዩ ላይ፣ ዓይኑ በተዘጋው መጋረጃ ላይ።

«አንተ! አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። የለመንኩት ግን እርስዎን አይደለም። ከውስጥ ያሉት ወጥተው አውርድ ይበሉኝ፣ ወላሂ በገዛ እጄ አስቀምጬ እሄዳለሁ።»

«ጣል አልኩህ!»

አባቴ ከደረጃው ላይ «ተው ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ እየለመነ ነው!» አለ። አንዱ ፖሊስ በደረቱ ገፈተረው።

ያን ጊዜ ጋሽ ሀያቱ ሳል መጣበት። ያ የበርበሬ ሳል። ሊይዘው ታገለ፤ ፊቱ ጠቆረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ድንጋዩም አብሮ ተንቀሳቀሰ። እጆቹን ከፍ አድርጎ ሊያስተካክለው ሲል ፖሊሶቹ ወደ ኋላ ዘለሉ፣ ጠብመንጃ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። «እንዳትተኩሱ!» ብዬ ጮኽኩ መሰለኝ፤ ወይ በልቤ ነው፣ አላውቅም። አልተኮሱም። አንዱ ከጎን ሮጦ በሰደፍ አንገቱን መታው። ጋሽ ሀያቱ በግንባሩ ወደቀ። ድንጋዩ ከላዩ ተንከባሎ የአዳራሹን የመጀመሪያ ደረጃ ገጭቶ ቆመ።

የፖሊሶቹ ወረቀት ላይ «በምክር ቤቱ ላይ ድንጋይ ወረወረ» ተብሎ ተጻፈ። ደረጃው ተሸርፎ ስለነበር ማስረጃ አላጡም።

ድንጋዩን ኤግዚቢት ነው አሉና ቁጥር ሊጽፉበት ፈለጉ። ዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘው ቀለም ያው የቤቶቹ ቀለም ነበር፤ ያው ጣሳ፣ ያው ብሩሽ። ብሩሹን የያዘው አባቴ ነው፤ ታዞ። «ስንት ቁጥር ልበል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አቶ አስረስ ቀና ሳይል «የቤቱን» አለው።

ያን ሐሙስ ምክር ቤቱ የረድፉን ጥያቄ «አመልካቾቹ ሁከት ስለ ፈጠሩ» ብሎ ዘጋው። ጋሽ ሀያቱ ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ሌሎቹን አስፈርመው ለቀቋቸው።

ክረምቱ ገባ። ጎረቤት ሁሉ እትዬ ዘይባን «እንሰቱን ቶሎ አስፍቂ፣ ቆጮ እንኳ ይሁንልሽ» ይላታል። ሴቶቹ ደቦ ሊገቡላት መጡ። መለሰቻቸው። «እሱ ሳይታዘዝ አላወረደም። እኔ ማን አዞኝ ነው የምነቅለው?» አለች። ሌላ ቃል የላትም። አባቴ ከሥራ ሲመጣ በግድግዳው በኩል ማለፍ ትቶ በጓሮ መግባት ጀመረ። አንድ ቀን እራቱን ትቶ «አሰፉ፣ ያልወረደ ድንጋይ ይጠብቃል» አለኝ። ምን ይጠብቃል አባባ ብለው ተነስቶ ወጣ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ አፍራሾቹ መጡ። ጠዋት አባቴና እኔ የራሳችንን ዕቃ አወጣን። ከሰዓት በኋላ አባቴ የዘበኛ ካፖርቱን ለብሶ ያንኑ ቤት ሲፈርስ እንዲጠብቅ ታዘዘና ቆመ። ቤቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። እንሰቱ ግን አስቸገራቸው፤ በመጥረቢያ ሲመቱት ውኃው እየተረጨ ፊታቸውን ያጥባቸዋል። እትዬ ዘይባ ዝናብ ላይ ቆማ የያንዳንዱን ዕድሜ ትናገር ነበር። ይኼ ያገባሁ ዓመት። ይኼ እናቴ የሞተች ጊዜ። ሀጂ ሙስተፋ መጥተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት።

መስከረም ሳይጋመስ የንጉሡ መንግሥት ወደቀ። አፍራሾቹ ትንሽ ቀን ብቻ ቢቆዩ ኖሮ! ነዳጅ ማደያውም ሆቴሉም ቀረ፤ መንገዱም አልሰፋ። አቶ አስረስን ወታደሮች አንድ ማለዳ በመኪና ወሰዱት። መኪናዋ የወጣችው በዚያ በባዶው ቦታ በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የላትምና።

ጋሽ ሀያቱ በጥቅምት ከወህኒ ተፈትቶ መጣ። አንገቱን አላወቅሁትም። ወደ ግራ ተጣሞ ቀርቷል፤ ሰው ሲያነጋግር ሁልጊዜ መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ቤቱ ወደ ነበረበት አልሄደም፣ ወደ እትዬ ዘይባም አልሄደም። በቀጥታ እኔ የአባቴን ምሳ ይዤ ወደ ቆምኩበት ማዘጋጃ ቤት በር መጣ። አባቴ አሁንም እዚያው ነበር፤ ዘበኛን ማን ይሽረዋል።

«አያ ሽባባው፣ ድንጋዬን ስጠኝ።»

አባቴ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ተሸክሞ አመጣለት። አልሰጠውም ግን፤ ይዞት ቆመ። «ሀያቱ፣ እነሱ የሉም። እኔ ልበልህ። አውርድ። ስለ እግዚአብሔር።»

ጋሽ ሀያቱ ሳቀ፣ ሳለ። «አንተ ጎረቤቴ ነህ። አንተን መች ከሰስኩ?» አለና ድንጋዩን ተቀብሎ በዚያ በተጣመመ አንገቱ ላይ አኖረው።

ቤቱ የነበረበት ድረስ ተከተልነው። የደጃፉ መርገጫ በነበረበት ላይ ተንበርክኮ ድንጋዩን መሬት አስነካው።

«አወረድከው?» አለው አባቴ፣ ድምፁ ተስፋ ነበረው።

«አላወረድኩም። አቆየሁት እንጂ» አለ ጋሽ ሀያቱ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረ። ዓርብ ዓርብ አንገቱን አዘንብሎ ጆንያ ይሰፋ ነበር። ከእትዬ ዘይባ ጋር የሀጂ ሙስተፋ ጓሮ ላይ ጥቂት እንሰት ተከሉ፤ ሳይደርስለት ሞተ። አባቴም ሞተ። ቦታውን ማንም አልሠራበትም። አጥረውት ያውቃሉ፣ አጥሩ ይፈርሳል። ድንጋዩ አደረገው አልልም፤ ግን የከተማው ሰው ያንን ድንጋይ ሲያነሳ አይቼ አላውቅም። ከብት የሚጠብቁ ልጆች እንኳ አይቀመጡበትም።

ባለፈው በጋ ሜትር የያዙ ወጣቶች መጡ። መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ። አንደኛው ድንጋዩን በጫማው ገፋ አደረገና ጎንበስ ብሎ አየው። ቁጥሩ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም።

«ይኼ ከዚህ በፊት ተለክቷል እንዴ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ አሥራ አራት ቁጥር የማን ነው?»

«የጋሽ ሀያቱ» አልኩት።

«ይገኛሉ?»

«ድንጋዩ አለ» አልኩት።

ልጁ ፈገግ አለ። ጣሳውን ከፈተ፤ ብሩሹን ነከረና በደበዘዘው ቁጥር ላይ በአዲስ ቀይ ቀለም ደገመበት።